ልጓም ለመርዝ፤ ከፈረስ ደም እስከ ኮምፒውተር

ጥር 23 ቀን እንጅባራ የዋለ ሰው ስለ አዊና ስለ ፈረስ ሌላ አስረጂ አያሻውም፡፡ ከየወረዳው የተመመው ፈረሰኛ ሜዳውን ሲሞላው፣ ፈረሱ በጌጠኛ ኮርቻና ልጓም አምሮ ሲሰግር፣ ሽማግሌው ከጎረምሳው እኩል ሲጋልብ ማየት ራሱ የታሪክ ትምህርት ነው፡፡ በ1932 ዓ.ም. እንደተመሠረተ የሚነገርለት የአገው ፈረሰኞች ማኅበር በዚያ ቀን የሚያስበው የጦር ሜዳ ውለታን ነው፤ ዓድዋ ድረስ ዘምተው የቀሩትን ፈረሶች፡፡

እኛ ዛሬ የምንጽፈው ግን በዚያ ሜዳ ስሙ ስለማይነሳ ሌላ የፈረስ ውለታ ነው፡፡ ዓለም ለእባብ መርዝ ያገኘው ሁነኛ ማርከሻ ከ120 ዓመት በላይ ሲቀዳ የኖረው በአብዛኛው ከፈረስ ደም ነው፡፡ አሁን ደግሞ ሳይንቲስቶች ፈረሱን አሳርፈው ማርከሻውን በኮምፒውተር መንደፍ ጀምረዋል፡፡ ነገሩ የሩቅ አገር ወሬ ይመስላል፡፡ ከእንጅባራ ቁልቁል ወደ ጃዊ፣ ወደ ጓንጓና ወደ ዚገም ቆላ ለወረደ ሰው ግን የእግርና የሕይወት ጉዳይ ነው፡፡ ስለዚህ ታሪኩን ከመነሻው እንየው፡፡ (የዓመቱን አቆጣጠር “ዓ.ም.” ካላልን በቀር በፈረንጆቹ ነው የምንጠቅሰው፡፡)

ሁለቱ አዊዎች

አዊን ከአዲስ አበባ ወደ ባሕር ዳር በሚወስደው አስፋልት ብቻ የሚያውቃት ሰው የሚያስታውሰው የእንጅባራን ብርድ፣ የዘንገና ሐይቅን፣ የድንቹንና የገብሱን ማሳ ነው፡፡ ይህች ደጋዋ አዊ ናት፡፡ ሌላዋ አዊ በምዕራብ በኩል ወደ በለስ ወንዝ ተፋሰስ የምትወርደው ናት፡፡ የጣና በለስ የስኳር ፕሮጀክት ያረፈባት ጃዊ እዚያ ናት፡፡ ሙቀቱ ሌላ፣ እህሉ ሌላ፣ በሽታውም ሌላ ነው፡፡

ከደጋ ወደ ቆላ መውረድ ለጎጃምና ለጎንደር ወጣት አዲስ አይደለም፡፡ ክረምት ሲገባ ለአረም፣ መኸር ሲደርስ ለሰሊጥ አጨዳ ይወርዳል፤ ከዚያም አልፎ እስከ መተማና ሁመራ ይዘልቃል፡፡ የሚሠራው ጎንበስ ብሎ፣ እጁን ሣር ውስጥ ከትቶ ነው፡፡ የሚያድረው ብዙ ጊዜ መሬት ላይ ነው፡፡ እህል ባለበት አይጥ አለ፤ አይጥ ባለበት እባብ አለ፡፡

ከመካከላችን አንዱ ያደገው ዳንግላ ነው፡፡ ልጅ ሳለ ከሰፈሩ ለአረም ከወረዱት ጎረምሶች አንዱ በመስከረም የተመለሰው እግሩ ጠቁሮና ተኮማትሮ ነበር፡፡ እባብ ነድፎታል፡፡ ጓደኞቹ ያወቁትን ሁሉ አደረጉለት፤ ከጉልበቱ በላይ በገመድ ጠፍረው አሰሩት፣ የተነደፈበትን በምላጭ በጡት፣ ሥር ቀጥቅጠው አጠጡት፡፡ በማግስቱ በሰው ሸክምና በጭነት መኪና ሕክምና ቦታ ሲደርስ “መድኃኒቱ የለም” ተባለ፡፡ ነፍሱ ተረፈች፡፡ እርሻ ግን ከዚያ ወዲህ አልሆነለትም፤ ሱቅ በር ላይ ተቀምጦ ጫማ መጠገን ጀመረ፡፡ ሰፈርተኛው “እግዜር አተረፈው” ከማለት በቀር ለምን መድኃኒቱ እንደሌለ የጠየቀ አልነበረም፡፡ እኛም እስካደግን ድረስ አልጠየቅንም፡፡

የዓለም ጤና ድርጅት በእባብ ንድፊያ በየዓመቱ ከ81,000 እስከ 138,000 ሰው እንደሚሞት ይገምታል፡፡ እግሩን ወይም እጁን የሚያጣው፣ አለዚያም ሌላ ዘላቂ ጉዳት የሚቀርበት የዚህ ሦስት እጥፍ ገደማ ነው፡፡ ድርጅቱ የእባብ ንድፊያን ችላ ከተባሉ የቆላ በሽታዎች ዝርዝር ያስገባው ግን በ2017 ነው፡፡ “ችላ የተባለ” የሚለው ቃል እዚህ ላይ በትክክል ገብቷል፤ የሚነደፈው ገበሬ፣ እረኛና የቀን ሠራተኛ እንጂ መድኃኒት ገዝቶ የሚያበለጽግ ደንበኛ አይደለምና፡፡

ፈረሱ እንዴት ሐኪም ሆነ?

ታሪኩ የሚጀምረው ከእባብ ሳይሆን ከልጆች ጉሮሮ ነው፡፡ በ1890 ጀርመናዊው ኤሚል ፎን ቤሪንግና ጃፓናዊው ኪታሳቶ ሺባሳቡሮ አንድ እንግዳ ነገር አሳዩ፡፡ የበሽታ መርዝ በትንሽ በትንሹ ሲሰጠው የለመደ እንስሳ፣ በደሙ ውስጥ መርዙን የሚያመክን ነገር ይፈጥራል፤ ያንን ደም አጣርቶ ለሌላ ሲሰጡት ሌላውንም ያድናል፡፡ በዚህ መንገድ የዲፍቴሪያ ሴረም ተሠራ፤ ቤሪንግም በ1901 የመጀመሪያውን የሕክምና ኖቤል ሽልማት ወሰደ፡፡

ለዚህ ሥራ የተመረጠው ፈረስ ነው፡፡ ትልቅ ነው፣ ብዙ ደም አለው፣ ለሰው ይገዛል፡፡ መርዙን በጣም በትንሹ ይወጉታል፤ ለሳምንታትና ለወራት መጠኑን ቀስ በቀስ ይጨምራሉ፤ ከዚያ ከአንገቱ ሥር ደም ይቀዱና ቀዩ ሲዘቅጥ ከላይ የሚቀረውን ፈሳሽ ያጣራሉ፡፡ በፈሳሹ ውስጥ ያለው ጠቃሚ ነገር አንቲቦዲ ይባላል፡፡ አንቲቦዲ ፕሮቲን ነው፤ የእባቡም መርዝ በአብዛኛው ፕሮቲን ነው፡፡ አንዱ ፕሮቲን ሌላውን ያዘው ማለት ነው፡፡

ወደ እባቡ እንምጣ፡፡ በ1891 ፈረንሳዊው ሐኪም አልቤር ካልሜት በዛሬዋ ቬትናም፣ ሳይጎን ከተማ ይሠራ ነበር፡፡ ባክ ልዩ በምትባል አካባቢ ጎርፍ መጣና ኮብራዎቹ ከውኃው ሸሽተው ሰው ቤት ገቡ፡፡ አርባ ሰው ተነደፈ፤ አራቱ ሞቱ፡፡ ካልሜት የእባቦቹን መርዝ ሰብስቦ ማጥናት ጀመረ፡፡ በ1894 እሱም፣ በፓሪስ ሴዛር ፊዛሊና ገብርኤል ቤርትራን የተባሉ ሌሎች ሁለት ተመራማሪዎችም፣ በየፊናቸው የመርዝ ማርከሻ ሴረም ማግኘታቸውን አሳወቁ፡፡ ብዙም ሳይቆይ ካልሜት በሊል ከተማ በፈረስ ደም ማርከሻውን በብዛት ማምረት ያዘ፡፡

ሥራው አደጋም ነበረው፡፡ በ1901 በአሜሪካ ሴንት ሉዊስ ከተማ ጂም የተባለ የወተት ጋሪ ፈረስ ለዲፍቴሪያ ሴረም ደሙ ይቀዳ ነበር፡፡ ፈረሱ መንጋጋ ቆልፍ ያዘው፤ የተበከለው ሴረም ግን ሳይጣል ቀርቶ ለልጆች ተሰጠና 13 ልጆች ሞቱ፡፡ በቀጣዩ ዓመት አሜሪካ ሴረምና ክትባትን የሚቆጣጠር ሕግ ያወጣችው በዚህ የተነሳ ነው፡፡ የተቀመመ መድኃኒት ሁሉ ጠባቂ እንደሚያስፈልገው ዓለም የተማረው በልጆች ሞት ነው፡፡

ለአንዱ ፈረስ የተለካ ኮርቻ

ካልሜት አንድ ትልቅ ስህተት ሠራ፡፡ በኮብራ መርዝ ያሠለጠነው የፈረስ ሴረም ለየትኛውም አገር እባብ ይሠራል ብሎ አመነ፤ ወደ ሌሎች አህጉሮችም ተላከለት፡፡

በአውስትራሊያ ቻርለስ ማርቲን ሴረሙን በአገሩ እባብ መርዝ ላይ ሞከረው፤ አልሠራም፡፡ በብራዚል ቪታል ብራዚል የተባለው ሐኪም (አዎ፣ ስሙ ከነአገሩ ነው) የሳኦ ፓውሎ የቡና ገበሬዎች የሚነደፉት በሌላ ዓይነት እፉኝት መሆኑን አየ፡፡ የካልሜትን ሴረም ሞከረ፤ አልጠቀመም፡፡ እሱ ታዲያ ፈረንሳይን ከመማጸን ይልቅ የራሱን እባቦች ሰበሰበ፣ የራሱን ፈረሶች አሠለጠነ፡፡ በ1901 የቡታንታን ኢንስቲትዩት ተቋቋመ፤ ዛሬም ማርከሻና ክትባት ያመርታል፡፡ ከሁሉ በላይ ቪታል ብራዚል ለዓለም አንድ ሕግ አስረከበ፤ ማርከሻ የሚሠራው ለተሠራበት እባብ ነው፡፡

የእኛ ፈረሰኞች ይህን ያለ ላቦራቶሪ ያውቁታል፡፡ ለአንዱ ፈረስ የተለካ ኮርቻ የሌላውን ጀርባ ይልጣል፡፡

ሕጉን ችላ ማለት ምን እንደሚያስከፍል አፍሪካ አይታለች፡፡ በጋና አንድ የገጠር ሆስፒታል በ2004 ሲጠቀምበት የኖረውን ማርከሻ በሕንድ በተሠራ ሌላ ማርከሻ ተካ፡፡ ሁለቱም ጠርሙስ ላይ “የእባብ መርዝ ማርከሻ” ይላል፡፡ ቀድሞ ከመቶ ታካሚ የሚሞተው 1.8 ነበር፤ ከለውጡ በኋላ 12.1 ደረሰ፡፡ የተነደፉት ሰዎች ሐኪም ዘንድ በጊዜ ደርሰዋል፣ መድኃኒትም ወስደዋል፡፡ የወሰዱት መድኃኒት ግን ለአገራቸው እፉኝት አልሆነም፡፡

ጋናዎች የተዉት ማርከሻ ፋቭ አፍሪክ ይባላል፡፡ በፈረንሳይ የሚመረት፣ በአሥር ዓይነት የአፍሪካ እባብ መርዝ የተሠራ፣ ሐኪሞች የሚተማመኑበት መድኃኒት ነበር፡፡ አምራቹ ሳኖፊ ፓስተር በ2014 ማምረቱን አቆመ፤ የመጨረሻዎቹ ጠርሙሶችም በ2016 ጊዜያቸው አለፈ፡፡ መድኃኒቱ መሥራት አቅቶት አልነበረም፤ ንግዱ አላዋጣም፡፡ ለእኛ ደግሞ ሌላም ነገር አለው፡፡ ከአሥሩ እባቦች መካከል ኤኪስ ከምትባለው ትንሽ የቆላ እፉኝት ሁለት ዓይነቶች ነበሩ፤ በኢትዮጵያ ቆላዎች የምትገኘው የምሥራቋ ኤኪስ ግን ዝርዝሩ ውስጥ አልነበረችም፡፡ ተመራጭ በተባለው መድኃኒት ላይ እንኳ የእኛዋ አልተለካችም ነበር፡፡

በኮምፒውተር የተሠራ ልጓም

እስቲ ስለ ፕሮቲን ትንሽ እናውራ፡፡ በሽሮና በሥጋ የምናውቀው ፕሮቲን ብቻ አይደለም፡፡ በሰውነታችን ውስጥ ሥራ የሚሠራው ሁሉ ማለት ይቻላል ፕሮቲን ነው፡፡ እንደ ጨሌ በክር የተሰካ አድርገን እናስበው፡፡ የጨሌው ዓይነት ሃያ ነው፤ አሚኖ አሲድ ይባላል፡፡ ክሩ ግን ተዘርግቶ አይቀርም፤ ይጠቀለላል፣ ይተጣጠፋል፣ ጉድጓድና ጉብታ ያወጣል፡፡ ሥራውን የሚወስነው ይህ ቅርፁ ነው፡፡ ክርስቲያን አንፊንሰን ቅርፁን የሚወስነው የጨሌዎቹ ቅደም ተከተል መሆኑን አሳይቶ በ1972 ኖቤል ተሸለመ፡፡

ከዚያ በኋላ ሁለት ጥያቄ ቀረ፡፡ አንደኛው፣ ቅደም ተከተሉን አይቶ ቅርፁን መተንበይ ይቻላል ወይ? በ2020 በዴሚስ ሃሳቢስና በጆን ጃምፐር የተመራው አልፋፎልድ የተባለ የኮምፒውተር ፕሮግራም ይህን በአስደናቂ ደረጃ ፈታው፡፡ ሁለተኛው የተገላቢጦሹ ነው፤ የምንፈልገውን ቅርፅ አስቀድመን ወስነን፣ ወደዚያ ቅርፅ የሚታጠፍ ክር መሥራት ይቻላል ወይ? በአሜሪካ ዋሽንግተን ዩኒቨርሲቲ ዴቪድ ቤከርና ባልደረቦቹ በ2003 ቶፕ7 የተባለ፣ 93 አሚኖ አሲድ ያለው፣ በተፈጥሮ ውስጥ ጨርሶ የሌለ ፕሮቲን ሠሩ፡፡ በ2024 የኬሚስትሪ ኖቤል ግማሹ ለቤከር፣ ግማሹ ለሃሳቢስና ለጃምፐር ተሰጠ፡፡

ለሕዝብ ጤና ጥቅሙ ሩቅ አይደለም፡፡ በ2022 ደቡብ ኮሪያ የፈቀደችው አንድ የኮቪድ ክትባት በዚያው ዩኒቨርሲቲ በኮምፒውተር ከተነደፈ ፕሮቲን የተሠራ ነው፡፡ በጥር 2025 ደግሞ ሱሳና ቫስኬዝ ቶሬስ፣ ቤከርና የዴንማርኩ ቲሞቲ ጄንኪንስ ከሌሎች ጋር ሆነው ስለ እባብ መርዝ ያገኙትን ኔቸር በተባለው መጽሔት አሳተሙ፡፡

ነገሩ እንዲህ ነው፡፡ የኮብራና የማምባ ወገን መርዝ ዋና ገዳይ የሆኑት ትንንሽ ፕሮቲኖች ናቸው፡፡ ነርቭ ለጡንቻ ትእዛዝ የሚያስተላልፍበትን ቦታ ሄደው ይቀመጡበታል፡፡ ጡንቻው ትእዛዝ አይሰማም፤ መጨረሻ ላይ የመተንፈሻው ጡንቻ ዝም ይላል፡፡ ተመራማሪዎቹ የመርዙን ቅርፅ ኮምፒውተር ላይ አስቀምጠው፣ በላዩ ልክክ ብሎ የሚገጥም አዲስ ፕሮቲን ነደፉ፤ ለመርዙ አፍ የተለካ ልጓም በሉት፡፡ ገዳይ መጠን ከተሰጣቸው አይጦች መካከል እንደ ልጓሙ ዓይነትና መጠን ከ80 እስከ 100 በመቶ ተረፉ፡፡

ይህ ከፈረሱ መንገድ ምን ይሻላል? የፈረስ ሴረም ውስጥ ካለው አንቲቦዲ ለመርዙ የሚሆነው ጥቂቱ ብቻ ነው፤ ቀሪው የፈረሱ የራሱ ነው፡፡ የሰው ሰውነት ባዕድ ደም ሲገባበት አንዳንዴ በኃይል ይቆጣል፤ ስለዚህ ማርከሻው ሐኪም አጠገብ ካልሆነ አይሰጥም፡፡ የተነደፈው ፕሮቲን ግን ትንሽና ሙቀት የሚችል ነው፤ ፈረስም እባብም ሳያስፈልግ በባክቴሪያ ውስጥ ሊመረት ይችላል፡፡ ለዚህ ቀዳሚ አለን፡፡ የስኳር ሕሙማን ኢንሱሊን ከ1922 ጀምሮ ከከብትና ከአሳማ ቆሽት ይወጣ ነበር፤ ከ1982 ወዲህ ግን የሰው ኢንሱሊን በባክቴሪያ እየተመረተ ይሸጣል፡፡ ከእንስሳ ወደ ጋን የሚደረገው ጉዞ አንድ ጊዜ ተሳክቷል፡፡

ደስታችንን ግን እንመጥን፡፡ አንደኛ፣ የተረፉት አይጦች ናቸው፤ ሰው ላይ ገና አልደረሰም፡፡ ሁለተኛ፣ ይህ ልጓም የተለካው ለኮብራና ለማምባ ወገን መርዝ ነው፡፡ እግር የሚያበሰብሰው የእፉኝት መርዝ፣ ደም እንዳይረጋ የሚያደርገው የኤኪስ መርዝ በሌላ ዓይነት ፕሮቲኖች የተሠራ ነው፡፡ በአፍሪካ ቆላዎች ብዙውን ጉዳት የሚያደርሱት ደግሞ እነዚህ ናቸው፡፡ የዳንግላውን ጎረምሳ እግር ያኮማተረው መርዝ ምናልባት ገና ልጓም አልተሠራለትም፡፡

የወባዋ ማስጠንቀቂያ

“ሳይንሱ ይቅደም፤ እኛ ኋላ እንጠቀማለን” የሚል ወዳጅ አይጠፋም፡፡ ለእሱ የወባን ታሪክ እንንገረው፡፡

በጤና ኬላ ጣት ተወግቶ በደቂቃዎች ውስጥ ውጤት የሚያሳየውን የወባ መመርመሪያ የማያውቅ የቆላ ሰው የለም፡፡ ብዙዎቹ መመርመሪያዎች ፋልሲፓረም የተባለችውን ወባ የሚያውቋት ኤችአርፒ2 በሚባል ፕሮቲኗ ነው፡፡ መመርመሪያው ላይ የተለጠፈ አንቲቦዲ ያንን ፕሮቲን ሲይዝ መስመር ይወጣል፡፡ ጥሩ ፈጠራ ነው፤ ማይክሮስኮፕ በሌለበት ቦታ ብዙ ሕይወት አትርፏል፡፡

ታዲያ ወባዋ ምን አደረገች? ፕሮቲኑን ጣለችው፡፡ የፕሮቲኑ ዘር የጎደላት ጥገኛ ያለ እሱም ትኖራለች፤ መመርመሪያው ግን “የለችም” ይላል፡፡ ችግሩ በ2010 በፔሩ ታየ፤ ቀጥሎ ጎረቤታችን ኤርትራ ውስጥ በብዛት ተገኘ፡፡ በኢትዮጵያ የኅብረተሰብ ጤና ኢንስቲትዩት ተመራማሪዎች የተመራ ጥናት በ2017 እና 2018 በአማራ፣ በትግራይና በጋምቤላ 12,572 ሰዎችን መረመረ፡፡ በ2021 የታተመው ውጤት እንደሚለው በዚህ ምክንያት መመርመሪያው ከመቶ የፋልሲፓረም ሕሙማን ወደ 9.7 የሚሆኑትን ያመልጠዋል፡፡ የዓለም ጤና ድርጅት ከመቶ 5 ካለፈ መመርመሪያ ለውጡ ይላል፡፡

በዚህ ታሪክ ውስጥ ደስ የሚለን አንድ ነገር አለ፤ ያወቅነው የራሳችን ሰዎች በራሳችን ቆላ ስለፈለጉት ነው፡፡ ባይፈልጉት ኖሮ ትኩሳት ያለው ልጅ “ነጻ ነህ” እየተባለ ወደ ቤቱ መመለሱ ይቀጥል ነበር፡፡ ወባ ደግሞ የምትናቅ ጠላት አይደለችም፤ በ2024 ብቻ እስከ ጥቅምት 20 ድረስ በአገሪቱ ከ7.3 ሚሊዮን በላይ ሰው መታመሙና 1,157 መሞታቸው ተመዝግቧል፡፡

ካልሜት፣ የጋናው ሆስፒታልና የወባ መመርመሪያው የሚነግሩን አንድ ነገር ነው፡፡ ፕሮቲን በፕሮቲን ላይ ሲሠራ ልክ ካልሆነ ዋጋ የለውም፤ ልኩ ደግሞ እንደ አገሩ ይለያያል፡፡ ኮምፒውተሩ የሚለካው የተሰጠውን ነው፡፡ የእኛን እባብ መርዝ የሰጠው ከሌለ፣ ለእኛ እባብ ልጓም አይሠራም፡፡ ሲያትል ወይም ኮፐንሃገን ያለ ሳይንቲስት ክፉ ስለሆነ አይደለም፤ ጃዊን የነገረው የለም፡፡

ታዲያ ምን እናድርግ?

መጀመሪያ እንቁጠር፡፡ ማን፣ የት፣ በየትኛው ወር፣ በምን ዓይነት እባብ ተነደፈ፣ ምን ተሰጠው፣ ምን ሆነ? ይህ መዝገብ ብር አይጠይቅም፤ ልማድ ነው የሚጠይቀው፡፡ በወልቃይትና በአርማጭሆ በኩል አብዱራፊ ላይ ድንበር የለሽ ሐኪሞች ካላዛርንና የእባብ ንድፊያን ጎን ለጎን ሲያክሙ የኖሩት ሁለቱም የሚመቱት ያንኑ የቀን ሠራተኛ ስለሆነ ነው፡፡ ጃዊና ጓንጓም የዚያው ሠራተኛ መንገድ ናቸው፡፡

ሁለተኛ፣ ወጣቶቻችን ይግቡበት፡፡ አልፋፎልድ ከ200 ሚሊዮን በላይ ፕሮቲኖችን ቅርፅ ለማንም በነጻ ክፍት አድርጓል፡፡ ቤከር የሚጠቀምበት የንድፍ ፕሮግራምም ከ2023 ጀምሮ በነጻ ይገኛል፡፡ የእንጅባራ ዩኒቨርሲቲ ወይም የባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ ተማሪ መብራትና ኢንተርኔት ካገኘ፣ የኤኪስን መርዝ ቅርፅ ዛሬ ማታ ማየት ይችላል፡፡ የመርዙን ናሙና በጥንቃቄ ሰብስቦ ማጥናት የዩኒቨርሲቲዎቹና የኅብረተሰብ ጤና ኢንስቲትዩቱ ፋንታ ነው፡፡

ሦስተኛ፣ ማምረትን እናስብ፡፡ ቢሾፍቱ ያለው ብሔራዊ የእንስሳት ክትባት ተቋም የአፍሪካ ፈረስ በሽታን ክትባት ያመርታል፡፡ የአዊ ፈረስ ክትባቱ አገር ቤት ይሠራለታል፤ ጋላቢውን እባብ ቢነድፈው ግን ማርከሻው ከባሕር ማዶ ነው የሚጠበቀው፡፡ ይህን ስንጽፍ ፈረሱ ይከልከል ማለታችን አይደለም፡፡ በአገር ውስጥ የጀመርነው እውቀት ለሰውም ይዘርጋ ነው የምንለው፡፡ የፋቭ አፍሪክ ታሪክ የሚያስተምረን፣ መድኃኒት ቢሠራም ገዢ ደሃ ከሆነ ከገበያ እንደሚጠፋ ነው፤ አዲሱ ልጓምም አንድ ቀን ቢደርስ መንግሥታት ቀድመው ካልተዋዋሉለት ዕጣው ያው ነው፡፡ ኢንሱሊንም በባክቴሪያ ስለተመረተ ብቻ ለድሃው ሁሉ አልደረሰም፡፡

እስከዚያው ግን ፈረሱ ላይ ነን፡፡ ትክክለኛው ማርከሻ በአረምና በአጨዳ ወራት ቆላው አጠገብ ይቀመጥ፡፡ በ2015 ዓ.ም. መጨረሻ በክልሉ የተቀሰቀሰው ግጭት መንገድ ሲዘጋ ከተማ ያለ መድኃኒት ለገጠሩ እንደሌለ እንደሚቆጠር አሳይቶናልና፡፡ ጤና ጣቢያዎቻችንም ውድ መሣሪያ አይጠብቁ፡፡ ከተነደፈው ሰው ጥቂት ደም በንጹሕና ደረቅ የመስታወት ቱቦ ቀድቶ ሳይነቀንቁ ለ20 ደቂቃ ማስቀመጥ ይበቃል፤ ደሙ ካልረጋ የእፉኝት መርዝ እየሠራ ነው፡፡

ወደ ቆላ ለሚወርድ ወንድማችንም ይህን እንንገረው፡፡ እባብ ከነደፈህ አትሩጥ፤ የተነደፈውን እግር ወይም እጅ እንደ ተሰበረ ቆጥረህ በእንጨት ደግፈህ አታንቀሳቅሰው፡፡ ቀለበትና ጫማህን ቶሎ አውልቅ፤ ያብጣልና፡፡ በገመድ አትጠፍር፣ በምላጭ አትብጣ፣ በአፍ አታስመጥ፡፡ እባቡን ለመግደልም አትከተለው፤ አበው “እባብን ግደል ከነበትሩ ገደል” ያሉት ለሌላ ጊዜ ይቆይ፡፡ በቀጥታ ወደ ጤና ጣቢያ፡፡

በሚቀጥለው ጥር 23 ፈረሰኞቹ እንጅባራ ሲሰግሩ የዓድዋውን ፈረስ እናስበዋለን፡፡ ከጎኑ ደግሞ አንገቱን ሰጥቶ ስሙን ለማያውቀው ገበሬ ደሙን የቀዳለትን ፈረስ እናስብ፡፡ እሱ የሚያርፍበት ቀን እየቀረበ ይመስላል፡፡ ሲያርፍ የሚተካው ልጓም የእኛንም እፉኝት የሚገጥም እንዲሆን፣ ልኩን የምንሰጠው እኛው ነን፡፡ ከሜዳው ጥግ ቆሞ ሰልፉን የሚያየው፣ እግሩ የተኮማተረው የዳንግላ ጫማ ጠጋኝ ያን ጊዜ የጠየቀው ባይኖርም፣ አሁን እንጠይቅለት፤ መድኃኒቱ ለምን አልነበረም?